የጣና ውሃ በማን ሒሳብ ይጻፋል?

እኛ የንግድ ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ መዝገባችንን ስንዘጋ፣ የመኪናውንና የመጋዘኑን፣ የጽሕፈት ቤቱንም ዕቃ የእርጅና ተቀናሽ አስልተን ከትርፋችን ላይ እናነሣለን። ይህን የምናደርገው ዕቃው ዛሬ ቢሠራም አንድ ቀን እንደሚያልቅ ስለምናውቅና፣ ያልቀነሰ ነጋዴ የራሱን ዋና ገንዘብ እየበላ «አተረፍሁ» እንደሚል ስለ ተረዳን ነው። ነገር ግን በሐይቅ ዳር የሚነግድ ሰው የሐይቁ ውሃ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳረጀ አስቦ ከትርፉ የቀነሰበትን መዝገብ እስከ ዛሬ አላየሁም። በአንድ ንግድ ቤት በጸሐፊነት ከሃያ ዓመት በላይ ሳገለግል፣ እኔም ራሴ እንዲህ ያለ መዝገብ ጽፌ አላውቅም። ይህን አሳብ ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይኸው ጕድለት ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ብጀምረው ይሻላል። የማገለግልበት ንግድ ቤት በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ መጋዘንና ከጎኑ ለሠራተኞችና ለእንግዶች የሚሆን ማደሪያ አለው። ቤቱ በሚሠራበት ጊዜ መሐንዲሱ ካቀረበው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አንዱ በግንብ የተሠራ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጕድጓድ ከነማጣሪያው ነበር። አሠሪዬ ዝርዝሩን አይተው «ይህ ወጪ ለሚመጣው ዓመት ቢዘገይ ምን ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ጋሼ፣ ቢዘገይ ጕዳት የለውም» ብዬ ማስታወሻ ጻፍሁ። ፍሳሹም በመንገዱ ቦይ እየወረደ ወደ ሐይቁ ገባ። የዚያን ዓመት የሒሳብ ሚዛን ስዘጋ፣ ያልወጣውን ገንዘብ «ከግንባታ የተረፈ» ብዬ ጻፍሁት፤ በጥንቃቄዬም ተመሰገንሁ። «የሚመጣው ዓመት» የተባለው ግን ሰባት ዓመት ዘገየ።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የባሕር ዳሩ ወኪላችን በየሳምንቱ የሚልከው ደብዳቤ በእኔ እጅ ይጠረዝ ነበር። ወኪሉ የእህሉንና የኑጉን ዋጋ ከጻፈ በኋላ የዓሣውንም ገበያ መጨመር ልማዱ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ሌላ ጉዳይ አሮጌ ደብዳቤዎችን ሳገላብጥ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በቀደሙት ደብዳቤዎች ውስጥ «ነጭ ዓሣ» የሚባለው ከሁሉ ፊት ይጻፍ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከቆሮሶና ከአምባዛ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነ፤ ከዚያም አንዳንድ ጊዜ ስሙ ብቻ ተጽፎ ከፊቱ «የለም» የሚል ቃል ይገኝ ጀመር። በአንዱም ደብዳቤ ግርጌ ወኪሉ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ዓሣ አስጋሪዎቹ በነሐሴ ከወንዙ አፍ ያዩት የነበረ ዓሣ ዘንድሮ አልወጣም ይላሉ። ውሃው ደፍርሷል፤ ዳር ዳሩንም እምቦጭ ዘግቶት ታንኳ አላሳልፍ ብሏል።» ይህን ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ አንብቤ ፈርሜ አስቀምጬው ነበር። ቍጥር ስላልነበረበት ወደ ሒሳብ መዝገብ አላለፈም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ስለ ሐይቁ ጥቂት ልናገር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የአገራችን ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።) ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋው ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዳር ቆሞ ያየው ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ8 ወይም ከ9 ሜትር አይበልጥም፤ ከሁሉ ጥልቅ የሆነውም ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጣናን እንደ ሰፊ ትሪ እንጂ እንደ ጕድጓድ አድርገን ልናስበው አይገባም። በጥልቅ ሐይቅ ውስጥ የገባ ጭቃ ወደ ታች ሰምጦ ይቀራል። በጣና ግን ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ጭቃው ከወለሉ ተነሥቶ ውሃውን መልሶ ያደፈርሰዋል። ወደዚህ ሐይቅ የተጣለ ነገር የሚሸሸግበት ስፍራ የለውም።

ለሐይቁ አብዛኛውን ውሃ የሚያመጡለት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚባሉት ወንዞች ናቸው፤ የተፈጥሮ መውጫው ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቍልቍል ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ጣና እንዳይወጣ ስለ ከለከለ፣ በሐይቁ ውስጥ የቀሩት ዓሦች ለብቻቸው ተራቡ፣ ለብቻቸውም ተለያዩ። ነጋዴው በአንድ ስም «ነጭ ዓሣ» የሚለው አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ዓመታት አንዳንዶቹን መዝግቦ ነበር፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የሆላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት መርምረው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች መሆናቸውን ለይተዋል። ከነዚህ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ጥርስ የሌላቸው ሲሆኑ፣ በጣና ውስጥ ግን እኩሌታው ያህል ሌላ ዓሣ እያደኑ መኖርን ለምደዋል። ይህም ሊቃውንቱን እጅግ ያስደነቀ ነገር ነው።

እነዚህ ዓሦች የሚጠፉበት ምክንያት በአንድ ቃል የሚገለጽ አይደለም፤ ነገር ግን የሁሉም ማዕከል ወንዙ ነው። ከዓይነቶቹ ስምንት ያህሉ በክረምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይሄዳሉ። በዚያም ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር መካከል ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። ዕንቍላሉ በጠጠሩ መካከል ሆኖ ከውሃው ኦክሲጅን ካላገኘ አይፈለፈልም። በላዩ ደለል ከተኛበት ይታፈናል፤ ጠጠሩ ለቤት ሥራ ከተወሰደ ደግሞ መጣያው ራሱ ይጠፋል።

ከ1986 ጀምሮ በሐይቁ ላይ ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሥራ ላይ ዋለ። ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት 10 ዓመታት ውስጥ የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከመረብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በክብደት 75 ከመቶ ያህል ቀነሰ፤ የጫጩቶቹ መጠን ደግሞ 90 ከመቶ ያህል ወረደ። የዚያን ጊዜ ዋናው ምክንያት፣ ዓሣው ለመራባት በወንዙ አፍ ተሰብስቦ ሳለ በመረብ መዝጋቱ፣ በወንዙም ውስጥ ብርብራ ወቅጦ ውሃውን መመረዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ሸክም ተጨመረበት። ከመረብ ያመለጠው ዓሣ ወደ ወንዙ ቢደርስም፣ የሚጠብቀው ቀድሞ የሚያውቀው ውሃ አይደለም። ስለዚህ መረቡን ብቻ ብናነሣና ውሃውን ብንተወው፣ የተራበውን ሰው ከእስር ፈትተን ባዶ ጎተራ ውስጥ እንደ ማግባት ይሆናል።

ውሃው እንዴት እንደ ተበላሸ ለመረዳት ከሦስት አቅጣጫ መመልከት ያስፈልጋል። አንደኛው ከደጋው የሚወርደው አፈር ነው። ተራራው ደኑን ካጣና እርሻው እስከ ገደሉ ጫፍ ከደረሰ ወዲህ፣ ክረምት በመጣ ቍጥር የጎንደርና የጎጃም አፈር በወንዞቹ ተጭኖ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከአፈሩ ጋራ የተጣበቀ ፎስፈረስ አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው ከከተማው የሚወርደው ነው። ከባሕር ዳር ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ የመኪና ማጠቢያዎችና የሥራ ቤቶች የሚወጣው ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት በየቦዩ እየተመራ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ሲገባ ኖሯል። ጎንደርም ራቅ ብላ ብትገኝ፣ ከከተማይቱ የሚወርደው ውሃ በመገጭ በኩል መጨረሻው ጣና ነው። ሦስተኛው የዳሩ ረግረግና የደንገሉ መጥፋት ነው። ደንገልና ሸምበቆ የሐይቁ ወንፊት ናቸው፤ ጭቃውን ያስቀራሉ፣ ምግቡን ይመጥጣሉ፣ የዓሣውን ጫጩት ይሸሽጋሉ። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ረግረጉ ለእርሻና ለግጦሽ ሲታጨድ፣ በከተማውም ዳር ለሕንፃ ሲደለደል፣ ወንፊቱ ተቀደደ።

የነዚህ የሦስቱ ድምር በ2011 በግልጽ ታየ። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ በዚያ ዓመት በጣና ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ መኖሩ ታወቀ። ይህ አረም ምቹ ውሃ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ምቹ ውሃ ማለትም ፎስፈረስና ናይትሮጅን የበዛበት ውሃ ማለት ነው። እንግዲህ እምቦጭ በራሱ በሽታ ሳይሆን በሽታው ያወጣው ሽፍታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አረሙ ውሃውን ሲሸፍን ብርሃን አይገባም፤ ከሥሩ የሚበሰብሰው ኦክሲጅንን ይጨርሳል፤ ዓሣው ይሸሻል ወይም ይሞታል። የዳርቻው ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ ገንዘብም ለማሽን መግዣ ሲውል አይተናል። ያን ሁሉ ጕልበት በቀን ሥራ ዋጋ ብናሰላው፣ እኔ «ከግንባታ የተረፈ» ብዬ የጻፍሁትን የመሰለ ቍጠባ ሁሉ ማን እንደ ከፈለው ግልጽ ይሆናል። ያልከፈልነው ወጪ በገበሬው ትከሻ ላይ ወደቀ እንጂ አልቀረም።

አንዳንድ አንባቢ «የጥቂት ዓሣ መጥፋት ለአስመጪውና ለላኪው ምኑ ነው?» ይል ይሆናል። ስለ ጥቅሙ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ከዚያው ሐይቅ ከ2010 ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኀይል ያለው የበለስ ጣቢያ ውሃ ይቀበላል። የደሴቶቹን ገዳማት ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሆቴሉን፣ ጀልባውንና ሱቁን ያኖራል። ከሐይቁ የሚወጣው የዓሣ ቋንጣ በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ገበያ ሲሻገር ኖሯል። ዓሣውን የገደለ ውሃ ከነዚህ አንዱንም ሳይነካ አያልፍም። ዓሣው የመጀመሪያው ምስክር ነው እንጂ የመጨረሻው ተጐጂ አይደለም።

ነገር ግን በጥቅም ብቻ መልስ መስጠት አልወድም። በፊሊፒንስ አገር ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያም ልክ እንደ ጣና ከአንድ ወገን የተለያዩና በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች ነበሩ። ከውጭ የገቡ በላተኛ ዓሦችና ያለ ልክ ማስገር ተጨምረው፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ2020 ባወጣው መዝገብ፣ ከ17ቱ ዓይነት 15ቱ ከዓለም መጥፋታቸውን ገለጸ፤ የቀሩት ሁለቱም መኖራቸው ያጠራጥራል። እንግዲህ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተ ሰብ በሐይቅ ውስጥ ይዛ የቀረችው አገራችን ናት። ሌላ አገር ገንዘብ ቢኖረው የማይገዛው ነገር በእጃችን አለ። ነጋዴ ሌላ ማንም የሌለውን ዕቃ በመጋዘኑ ይዞ ሳለ ውሃ ሲያበላሽበት ዝም ብሎ ያያልን?

የተበላሸ ሐይቅ ይድናል ወይስ አይድንም ለሚለው ጥያቄ ከሌሎች አገሮች ሁለት ምሳሌ ላምጣ። አንደኛው በጀርመን፣ በስዊስና በኦስትሪያ መካከል ያለው የኮንስታንስ ሐይቅ ነው። ሦስቱ አገሮች በ1959 ሐይቁን የሚጠብቅ የጋራ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። ፍሳሹ ግን ወዲያው አልቆመም፤ በ1980 ገደማ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከ80 ማይክሮግራም በላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በየከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ እየተሠራ፣ በሳሙናውም ላይ ደንብ እየወጣ፣ መጠኑ ከ10 በታች ወረደ። ውሃው ዳነ ማለት ነው። ዓሣውስ? በሐይቁ ወለል ይራቡ ከነበሩት ዓሦች አንዱ፣ ኪልሽ የሚባለው፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ጠፍቶ ቀረ፤ ውሃው ሲጠራ የሚመለስ ዘር አልተረፈውም። ሌላው፣ በጥልቁ ውስጥ የሚኖር የትራውት ወገን፣ ጠፍቷል ተብሎ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በ2010ዎቹ እንደ ገና ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ውሃን ማዳን ይቻላል፤ የዘገየ መድኀኒት ግን ለሁሉም አይደርስም። ሁለቱም ዓሦች አንድ መድኀኒት ሲጠብቁ ነበር፤ የደረሰው ለአንዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ለነጋዴዎች ይበልጥ የሚቀርበው ነው። በጃፓን ቢዋ የሚባለው ሐይቅ በ1977 በድንገት ቀይ ቡናማ ሆኖ ሸተተ። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ የበዛ ፎስፈረስ ሲሆን፣ ከምንጮቹ አንዱ በየቤቱ የሚታጠብበት የዱቄት ሳሙና ነበር። የሐይቁ ዳር የቤት እመቤቶች ዱቄቱን ትተው ወደ ቀድሞው ሳሙና ለመመለስ ተማከሩ። የሺጋ አውራጃ መንግሥትም በ1979 ፎስፈረስ ያለበትን የዱቄት ሳሙና መጠቀምን፣ መሸጥን፣ ስጦታ አድርጎ መስጠትን እንኳ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ደንቡም በ1980 በሥራ ላይ ዋለ። የሳሙና ፋብሪካዎች ማኅበር ደንቡን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። ነገር ግን ደንቡ ከጸና በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ፎስፈረስ የሌለበትን ዱቄት አዘጋጅተው ገበያ ላይ አዋሉት፤ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ በአገሪቱ የሚሸጠው በአብዛኛው ይኸው ሆነ። ከሳሙና የከሰረ ነጋዴ ቢኖር፣ በተቃውሞው ጊዜውን ያባከነው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በአሳቤ ላይ ሊነሡ ከሚችሉት ተቃውሞዎች ሁለቱን አልሸሽም። የመጀመሪያው «በጣና ውስጥ ያለው ጭቃ አብዛኛው ከእርሻ የመጣ ነው፤ ነጋዴው ለምን ይጠየቃል?» የሚል ነው። ስለ ጭቃው የተባለው እውነት ነው። የደጋው አፈር በእርከንና በዛፍ ካልተያዘ በቀር የከተማው ጕድጓድ ብቻውን ጣናን አያድነውም፤ ይህም የመንግሥትና የገበሬው የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እናስተውል። ከአፈር ጋራ የመጣው ፎስፈረስ ብዙው በአፈሩ ተይዞ ሲቈይ፣ በፍሳሽና በሳሙና የሚመጣው በውሃው ስለ ሟሟ አረሙ ወዲያውኑ ይመገበዋል። ደግሞም ገበሬውን «ማሳህን ከትር፣ ከገደሉ ጫፍ አትረስ» ለማለት የምንደፍር ከሆነ፣ የእኛ ቦይ ወደ ሐይቁ እየፈሰሰ መሆን የለበትም። ገበሬው የሚያጣው የዓመት እህሉን ነው፤ እኛ የምንጠየቀው የግንብ ጕድጓድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የከበደ ነው፦ «እኔ ለጕድጓድና ለማጣሪያ ብከፍል፣ ጎረቤቴ ሳይከፍል በርካሽ እየሸጠ ገበያዬን ይወስደዋል።» ይህ አሳብ የክፉ ሰው አሳብ አይደለም፤ በየቀኑ ዋጋ የሚያወዳድር የማንኛውም ነጋዴ አሳብ ነው። ስለዚህም ነው ጉዳዩን ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ከመተው ይልቅ ወደ ምክር ቤታችን ያመጣሁት። ምክር ቤት የሚያስፈልገው አንዱ ብቻውን ቢያደርገው የሚጐዳበትን፣ ሁሉ ቢያደርገው ግን ሁሉ የሚጠቀምበትን ነገር በአንድነት ለመወሰን ነው። የቢዋ ደንብ የሠራው ሁሉንም ሻጭ በአንድ ቀን ስለ ያዘ ነው። በአገራችንም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 (ዓመቱ በአገራችን አቈጣጠር ነው) ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ጣናም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። የጐደለን የተጻፈ ቃል አይደለም፤ የተጻፈውን በየመጋዘኑና በየሱቁ የሚፈጽም ሰው ነው።

ስለዚህ ከሥራዬ ልምድ ተነሥቼ፣ ትልልቅ ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮችን ለምክር ቤቱ አባሎች አቀርባለሁ።

1ኛ/ በሐይቁና በሚገቡት ወንዞች አቅራቢያ መጋዘን፣ ሆቴል፣ የመኪና ማጠቢያ ወይም የሥራ ቤት ያለው አባል ሁሉ በዓመቱ በጀት ውስጥ «የውሃ ጥበቃ ወጪ» የሚል አንድ መስመር ይክፈት። ጕድጓድ የሌለው በዚያ ገንዘብ ያሠራ፤ ያለውም በጊዜው ያስመጥጥበት። የሚመጥጠው መኪና የት እንደሚያፈስስ ሳይጠየቅ ሒሳቡ አይከፈል፤ ከጓሯችን ወጥቶ ወደ ወንዝ የሚደፋ ከሆነ ገንዘባችንን ከስረናልና።

2ኛ/ የዱቄት ሳሙና የሚያስመጡና የሚያከፋፍሉ አባሎች በማዘዣ ደብዳቤያቸው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ይኸውም «ዕቃው ፎስፌት ያለበት መሆኑና አለመሆኑ በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝና፣ ይህን ዐረፍተ ነገር መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ዋጋው የተመጣጠነ ከሆነ ፎስፌት የሌለበት ይመረጥ፤ ባለ ሱቁም ለደንበኛው ይንገር።

3ኛ/ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴዎችና ሥራ ተቋራጮች አሸዋና ጠጠር ሲገዙ ከየት ወንዝ እንደ ተጫነ ይጠይቁ። ዓሣው ከሚራባባቸው ከጉማራ፣ ከርብና ከመሰሎቻቸው ወንዞች ወለል የተዛቀውን፣ ይልቁንም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ አይግዙ። የአንድ ቤት መሠረት የአንድ ወንዝ ዓሣ መራቢያ ሊሆን እንደሚችል እናስብ።

4ኛ/ ዓሣ የሚገዙ ሆቴሎችና አከፋፋዮች በነሐሴና በመስከረም ከወንዝ አፍ የተያዘውን ነጭ ዓሣ አንቀበልም ይበሉ። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ዐውቃለሁ፤ በፍልሰታም ወቅት ገበያው ይሳባል። ነገር ግን ዕንቍላል የያዘውን ዓሣ ማረድ ዘር ለመዝራት የተቀመጠውን እህል እንደ መፍጨት ነው።

5ኛ/ በሐይቁ ዳር የሚያለሙ ባለሀብቶች ደንገሉን ነቅለው ዳሩን በድንጋይ ከመደልደል ይቈጠቡ። ወንፊቱን አንሥቶ ዱቄቱ ለምን ጠጠር በዛበት ማለት አይገባም።

እነዚህ አምስት ነገሮች ጣናን ብቻቸውን አያድኑም። ነገር ግን በእጃችን ያሉት እነዚሁ ናቸው፤ በእጁ ያለውን ያልሠራ ሰው ደግሞ በሌላው እጅ ስላለው ለመናገር አፍ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ገና ጭሱ ሲታይ ነው፤ በጣና ግን ጭሱ ከታየ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ ቅጠላችንን በቶሎ ማንሣት ይገባናል።

የመጋዘኑን ነገር ሳልጨርስ መዝጋት አልወድም። የወኪላችንን አሮጌ ደብዳቤዎች በየዓመታቸው አሰልፌ፣ ከሥራቸውም ያን የድሮ ማስታወሻዬን አስቀምጬ፣ ለአሠሪዬ አቀረብኋቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልህ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ማስታወሻው የእኔ፣ ፊርማው የእኔ ነበር። ጕድጓዱ በዚያው ወር ተቈፈረ፤ ወጪውም በመዝገቡ ላይ ተጻፈ። እኔም ያን ጊዜ «ከግንባታ የተረፈ» ያልሁት ሳይሆን ይህኛው የእውነተኛው ሒሳብ መሆኑን ተረዳሁ።

ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው እያልን እንተርታለን። ልጆቻችን ደግሞ በጣና ዳር ቆመው ዓሣው ምን ይመስል እንደ ነበረ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያዩ እንዳይሆኑ፣ ምክር ቤቱ በሚመጣው ስብሰባ ጉዳዩን በአጀንዳ እንዲይዘው በትሕትና እጠይቃለሁ። እያንዳንዱም አባል ከስብሰባው በፊት ከራሱ መጋዘን ጀርባ ያለው ቦይ ወዴት እንደሚፈስ ሄዶ ይመልከት።

ከአንድ ንግድ ቤት ጸሐፊ